የፀጉር አስተካካዩ ባት

የሰደበው የሌዘር ክሊኒኩ ዶክተር ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፣ ከምሳ በፊት፤ ያውም ተራ ጠባቂዎች ተደርድረው በተቀመጡበት። ፀጉር አስተካካዩ ሱሪውን ሰብስቦ የቆሰለ ባቱን ቢያሳየው፣ በእጁ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ እንኳ ሳያስቀምጥ፣ «የተነገረው ለማይገባው ለአንተ ዓይነቱማ አስተርጓሚ ልንቀጥር ነው» አለ። አንተ ይለዋል፣ የልጁ እኩያ ሆኖ! ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። አንድ ጡረተኛ ደግሞ ነገሩ ዘግይቶ ገብቶት ብቻውን ሳቀ፤ ከሁሉ ያንገበገበው የሱ ሳቅ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዓመት ሊሞላው ነው፣ ምላጭ ባነሳ ቁጥር ያ ሳቅ ጆሮው ላይ ይጮኻል።

ዕድሜውን ሙሉ ከወንበር ጀርባ ቆሞ የኖረ ሰው ነው። ሌላው ይቀመጣል፣ እሱ ይቆማል። በዚህ የተነሳ ቀይና ሰማያዊ ደም ሥሮች ባቱን እንደ ሸረሪት ድር ወረሱት። «በሌዘር ድራሹ ይጠፋል» አሉት፤ ሄደ። አስተኝተው ዓይኑን በጥቁር መነጽር ሸፈኑት። ማሽኑ እያጓራ ነርሷ ከወዲያ የሆነ ነገር አነበነበች። ማን ሰምቷት! «ገባህ?» ስትለው «አዎ» አለ። ሰው አልገባኝም የሚለው ለሚያከብረው ነው።

ቤቱ ሲደርስ ባቱ ቀልቶ ይለበልበዋል። ምላጭ ቆዳ ሲያቀላ ምን ይደረጋል? አልኮል ነዋ! ለደንበኛው ሁሉ ሲያደርግ የኖረውን ለራሱ አደረገ። በማግስቱም እግሩን በረንዳ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ሲያሞቅ ዋለ። ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ቆሰለ። ሲድን ጥላሸት የመሰለ ጠባሳ ጥሎበት ሄደ። ደም ሥሮቹም ቢሆኑ ግማሾቹ እዚያው ናቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንደማይበቃ የነገረው የለም። ነግረውት ከሆነም የሰማው ማሽኑ ነው።

ዛሬ ደግሞ ታናሽ እህቱ እዚያው ክሊኒክ ተራ ይዛለች አሉት። አስተናጋጅ ናት፤ እግሯ የሱው እግር፣ የደንብ ልብሷ አጭር ቀሚስ። እሱ ጠባሳውን በሱሪ ሸፈነ፤ እሷ በምን ልትሸፍነው ነው? ደንበኛውን ፂሙ ግማሽ እንደተላጨ ጥሎት ወጣ።

ሲደርስ አልጋው ላይ ተኝታ መነጽሩን ልታጠልቅ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ተነሺ!»

«ጋሼ፣ በእናትህ ሰው አታስቅብኝ።»

«ይሳቁ! ለምደውታል።» ወደ ነርሷ ዞረ። «ማሽኑ ከመጮኹ በፊት ንገሯት እንጂ! መድኃኒት ትወስጂያለሽ ወይ፣ ሰሞኑን ፀሐይ መቶሻል ወይ በሏት! ጠይም ቆዳ በሌዘር ቶሎ እንደሚቃጠል ንገሯት! ከሥር ያለው ትልቁ ደም ሥር ከታመመ የላዩን ማቃጠል ከንቱ ነው፣ መጀመሪያ በአልትራሳውንድ ይታይ። እኔን ጤና ጣቢያ ቁስሌን ያከመችኝ ሐኪም ናት የነገረችኝ። ከተቃጠልኩ በኋላ!»

ዶክተሩ በሩ ላይ ብቅ አለ። «እሰይ፣ ፕሮፌሰሩ መጡ!»

 

እህቱ ተነስታ ተቀመጠች። «ዶክተር፣ ወንድሜ ያለው እውነት ነው?»

«እንደ ሰዉ ነው። አንዳንዱ…»

«እንግዲያው መጀመሪያ አልትራሳውንዱ ይታይልኝ። ሌዘሩንም ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩትና ይቆይ። ካልጠቆረ እቀጥላለሁ።»

«ዛሬ አያልቅልሽም እኮ፤ ደጋግመሽ ልትመላለሺ ነው።»

«እመላለሳለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ጫማዋን አንስቶ ዘረጋላት። «ነይ፣ ውጪ ከዚህ! እዚህ ቤት ዳግመኛ አትረግጪም።»

«አልወጣም፣ ጋሼ። እግሬን ያመኛል። የነገርከኝን ሰምቻለሁ፣ ተባረክ። ግን እስቲ አንተስ፣ በተቃጠለ እግር ላይ አልኮል ማን አፍስስ አለህ?»

ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች። ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከተራ ጠባቂዎቹ መሃል፣ አንድ ሰው ሳቀ። ከገዛ እህት አፍ! የዚያን ማክሰኞ የሳቁበት ባዕዳን ነበሩ።

ዶክተሩ ጓንቱን እያጠለቀ ፈገግ አለ። «አሁንስ ገባህ?»

ፀጉር አስተካካዩ ጫማዎቹን አልጋው ሥር አስተካክሎ አስቀመጠ፣ መጋረጃውን ገለጠ፣ ተራ ጠባቂዎቹን አንድም ሳያይ አልፎ ወጣ።