ፀጉር ታህል ወደ ቀኝ

ሴትዮዋ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመሰርሰሪያ ማሽን እጀታ ስትጎትት ኖራለች። ባሏ ብረቱ ላይ ቀዳዳው የሚያርፍበትን ነጥብ በመዶሻ ይመታል፣ እሷ ነጥቡ ላይ ፑንታውን፣ የማሽኑን መብሻ፣ አሳርፋ ትበሳለች። ሥራቸውም ትዳራቸውም በቃ ይኸው ነበር። እሷ አንድም ቀን ነጥብ መትታ አታውቅም። መዶሻውን ስታነሳ "ተይው፣ እኔ እመታዋለሁ" ይላታል፣ እሷም ትተወዋለች። ታዲያ ሰውዬው ድንገት ወድቆ ሲሞት መዶሻውም ነጥብ መምቻውም እሷ እጅ ላይ ቀሩ።

የባሏ ታላቅ ወንድም በር ሠሪ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፣ አፉ ግን አያርፍም። ከሐዘኑ በኋላ መጣና የሥራ ክፍሏ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ "ልጄ፣ አንቺን ከዚህ የዛገ ብረት ጋር ትቼሽ እንቅልፍ አይወስደኝም" አላት።

"የዛገ አይበሉት ጋሼ፣ ይሠራል።"

"ከሠራማ ጥሩ! አርባ የበር ማጠፊያ ብሺልኝ፣ ሟቹ የጀመረው ብረት እዚሁ አለ። ማክሰኞ መጥቼ አያለሁ። ይኸው የበሬ ናሙና ብረት፣ ከሱ ጋር ገጥሞ ቡሎኔ ከገባ የበሮቼ ሥራ በሙሉ ያንቺ ነው። ካልገባ ማሽኑን ለብረት ገዢ እንሰጥና እኛ ቤት ትገቢያለሽ። ልጆቹ ይወዱሻል፣ ምን ይጎድልሻል?"

ምን ይጎድልሻል ይላል እንዴ! የሰው ቤት ጥግ ይዛ ሽንኩርት እየላጠች ልትኖር? እዚህች ክፍል ውስጥ እኮ እሷ ባለሙያ ናት፣ ሌላ ቦታ ግን የሟች ሚስት ብቻ ናት። ማሽኑ ከሄደ የሷም ነገር ያበቃለት መሰላት።

ባሏ ነጥብ መትቶ ያስቀመጣቸው አስራ ሁለት ማጠፊያዎች ነበሩ። መጀመሪያ ቀን ስድስቱን በሳች። ከናሙናው ጋር ስታጋጥማቸው ቡሎኑ ሰተት እያለ ገባ፣ ደስ አላት። በማግስቱ "እስቲ ደግሞ የራሴን" ብላ በማስመሪያ ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ነጥቧን መታችና በሳች። ቡሎኑ እምቢ አለ። ሌላ ብረት አመጣች፣ እሱም እምቢ። ሦስተኛውም ያው ነው። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ወደ ግራ ሸሽተዋል። ትርፍ የነበሩት ብረቶች ደግሞ እነዚያው ሦስቱ ነበሩ።

ወሽመጧ ቁርጥ አለ። "አየሽ፣" አለች ለራሷ፣ "ሙያው የሱ ነበር። አንቺ እጀታ ጎታች ነሽ።" በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ያቺን ክፍል ድሮ ለሁለት ሰው ጠበበች እያለች ትነጫነጭ ነበር፣ አሁን ሜዳ ሆነችባት። የሚያስነጥስ ሰው እንኳ የለም።

ግን እልኸኛ ናት፣ እሱን ማን ይክዳል። በሦስተኛው ቀን ወገቧን ታጥቃ ማሽኑን መመርመር ጀመረች። ሶኬቱን ነቀለች። ከሞተሩ ወደ ፑንታው የሚዞረውን ቺንጋ በጣቷ ጫን ብታደርገው ላላ ብሏል፤ ሞተሩን ገፋ አድርጋ ወጠረችው። የፑንታ መያዣውን ግራ ቀኝ ብትነቀንቀው ቋ ቋ አለ። መያዣው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበልቷል ማለት ነው። መሳቢያ ስትከፍት አዲስ ኩሽኔታ ከነወረቀቱ ተቀምጧል፣ ባልየው ገዝቶ አልገጠመውም። "ስንፍናህ!" አለችው። በመጨረሻ ቀጥታ መለኪያውን ስኳድራ ብረት የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አቁማ ወደ ፑንታው አስጠጋችው። ታች ገጠመ፣ ላይ ግን በመሃላቸው ብርሃን ያሳያል። ጠረጴዛው ወደ ግራ ዘንብሏል። ፑንታው ብረቱን ሲነካ ወደዘነበለበት መሸራተቱ አይቀርም።

ታዲያ የሱ ቀዳዳዎች እንዴት ልክ መጡ?

ከቀሩት ስድስት ማጠፊያዎች አንዱን አንስታ ማስመሪያ አሳረፈችበት። ወይ ጉድ! ነጥቡ ልኩ ላይ አይደለም። ፀጉር ታህል ወደ ቀኝ ነው። ሌላውን ለካች፣ ወደ ቀኝ። ስድስቱም ወደ ቀኝ። ለካስ ሰውዬው ማሽኑ የሚስተውን ያህል አስቀድሞ እየሳተ ነው የሚመታው! "ተይው" የሚላትም ለዚህ ነው። ማሽኑን ማቃናት ሲገባው እጁን አጣሞ፣ ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ ሳይል ሃያ ሁለት ዓመት ኖረ።

"አንተ ሰው!" ብላ ጮኸች። "አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት? አታምነኝም ነበር?" ከልቧ ተናደደች። ስትናደድበት አጠገቧ የቆመ ያህል ተሰማት። ንዴቷ ሲበርድ ግን ያው ብቻዋን ነበረች፣ አለቀሰች።

ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አዲሱን ኩሽኔታ ግራሶ ቀብታ፣ መታ መታ አድርጋ አስገባችው። የጠረጴዛውን ቡሎን አላላች፣ ስኳድራው ከታች እስከ ላይ እስኪገጥም ቀስ እያለች አቃናች፣ ከዚያ በሙሉ ክብደቷ አጠበቀችው። የራሷን ነጥብ መትታ በሳች። ቡሎኑ ሰተት አለ። እሁድና ሰኞን ሳትቀመጥ ሠርታ ነጥብ ያልተመታባቸውን ሃያ ስምንት ብረቶች ጨረሰች።

ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ሲቃና የባሏ ስድስት ማጠፊያዎች ስህተት ሆኑ። እጁ ያረፈባቸው የመጨረሻዎቹ ብረቶች ናቸው፣ ባትነካቸው በወደደች። ግን ሌላ ብረት የለም፣ አርባ ደግሞ አርባ ነው። ረጅም ጊዜ በአውራ ጣቷ ነጥቦቹን ስትዳስስ ቆየች። ከዚያ የሱን ነጥብ አልፋ ልኩ ላይ የራሷን መታች። ፑንታው ሲወርድ ሁለቱንም ነጥብ አብሮ በላቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ መጣ። ቡሎን ከኪሱ አውጥቶ እያንዳንዱን ከናሙናው ጋር ሞከረ፣ ወጉን ሳይለቅ እያጉረመረመ። አርባውም ገባለት።

"እንዴ!" አለ። "ሟቹ ራሱ የበሳው ነው የሚመስለው። ልክ እንደሱ!"

እንደሱ አይደለም ልትለው አፏን ከፈተች። ስለ ኩሽኔታው፣ ስለ ጠረጴዛው፣ ስለዚያች ፀጉር ታህል ስህተት ልትነግረው ፈለገች። እሱ ግን ማጠፊያዎቹን ከረጢት ውስጥ እየጣለ ስለሚቀጥለው በር ማውራት ጀምሯል። ብትነግረውም "እሺ፣ እሺ" ይላታል እንጂ አይገባውም። የሠራችውን ነገር የሚረዳላት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

"አዎ ጋሼ፣ ልክ እንደሱ" አለችው።

ከረጢቱን አሸክማ ሸኘችውና በሩን ዘጋች። ማሽኑም ክፍሉም የሷ ሆነዋል። "አቃናሁት እኮ፣ ሰማህ?" አለች ጮክ ብላ። ባሏ በእውነት እንደሞተ የገባት መልሱን ቆማ ስትጠብቅ ነው።