ከላይ የተጠቀሰው ግለሰብ

ጸሐፊው አየነው ደብዳቤውን ለአራተኛ ጊዜ ከማተሚያው ላይ አንስቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «መንግሥት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛው በትንሽ ፊደል ጀምሯል፤ እንደገና መጻፍ አለበት።

አሰጋሽ በሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ ጥግ ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ከተቀመጠች ሦስት ሰዓት ሆኗታል። ይታያል የተባለው ልጇ ትናንት ፋሽጋ እርሻ ላይ ሰሊጥ ሲያጭድ መታወቂያ አልያዝክም ተብሎ ተወስዷል። መክተብ የሚሉት የስደተኞች ቢሮ ስምንት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እስከዚያ አቤቱታ ያልገባለት ሰው ነገ በመኪና ተጭኖ ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ መተማ ይሻገራል። ይታያል ደግሞ የተወለደው እዚሁ አገር፣ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። ከድንበሩ ማዶ የሚያውቀው ሰው ቀርቶ የሚያውቀው ዛፍ የለም።

«ጋሽ አየነው፣ ሰባት ሰዓት አለፈ እኮ» አለች።

«ለድርጅትና ለመንግሥት እንደ ጎረቤት አይጻፍም። ሙሉ ስማቸው፣ ማዕረጋቸው፣ በትልቁ ፊደል! ጎንደር መዝገብ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት ስሠራ አንድም ደብዳቤ አልተመለሰብኝም።»

አሰጋሽ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሳንቲም እንኳ አልጠየቃትም። ግን ለቢሮ ስም እጅ መንሳቱ ማለቂያ የለውም። ጮኻ ብትገላገል ደስ ባላት፤ እንግሊዝኛ የሚጽፍላት ሌላ ሰው ስለሌላት ንዴቷን ዋጥ አደረገች።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ላይ በሪክሻ መክተቡ ጋ ደረሱ። መስኮቱ ጋ ያለችው አስተርጓሚ ሂያም የሁለት መንግሥታትና የሦስት መሥሪያ ቤቶችን ስም ከነማዕረጉ አንብባ እስክትጨርስ ብዙ ቆየች።

«ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ‹ከላይ የተጠቀሰው ግለሰብ ይለቀቅልን› ይላል። ከላይ ግን የተጠቀሰ ሰው የለም። ልጅዎ ማን ይባላል?»

አየነው ወረቀቱን ነጥቆ አየ። እውነትም የልጁ ስም የለም። አንዱን ሲያስተካክል፣ ሌላውን ሲያስረዝም፣ ስሙ የትኛው ቅጂ ላይ እንደወጣ እሱም አላወቀም።

«ሮጬ አስተካክዬው ልምጣ» አለ። «ለመንግሥት በሚገባ ደብዳቤ ላይ በእጅ አይጨመርም፤ ነውር ነው።»

አሰጋሽ ዞራም አላየችው። «በአማርኛ ብጽፈው ታነቢዋለሽ?» አለቻት ሂያምን።

«አነባለሁ። ግን ቶሎ ይበሉ።»

አሰጋሽ ከሂያም እስክሪብቶ ተቀበለች። ወረቀቱን ከአየነው እጅ ወስዳ ገለበጠችና በባዶው ጀርባ ላይ፣ በመሠረተ ትምህርት በተማረችው የተንጋደደ ጽሑፍ፣ የልጇን ስም ከነአባቱ ጻፈች። የተወለደበትን ካምፕና የተያዘበትን ቀን ጨመረች። አየነው እጁን ሲዘረጋ በክርኗ ከለከለችው፤ ከዚያም የታተመውን ገጽ ወደ ታች አድርጋ በመስኮቱ አስገባችው።