የመርፌ ቁልፍ

«ክታቡን ፍቺው» አለች አሰለች።

ፀደይ በቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ በባዶ እግሯ ቆማ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ከፊቷ ሰባት ሴቶች አሉ። ፀበሉ ከይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ በታች፣ በጥዶቹ መሃል ይወርዳል። ሴቶቹን የምታሰልፈው አሰለች ናት። ከፀደይ ስስ ቀሚስ ሥር፣ ግራ ክንዷ ላይ፣ የግማሽ እንቁላል ያህል ነገር አብጦ አይታለች።

«ክታብ አይደለም። የስኳር መድኃኒት ነው።»

«ሁሉም መድኃኒት ነው ይላል። የጠንቋይ ዕቃ ታስሮ እዚህ አይገባም።»

«ውሃ አይጎዳውም። አልፈታውም።»

ከኋላዋ እናቷ የሺሃረግ ቀሚሷን ጎተት አደረገቻት። «ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ልጄ።»

ቀስ ብላ ለመናገር ትዕግሥት አልነበራትም። ለዚህ ቀን የተስማማችው ክርክሩ ስለሰለቻት ብቻ ነው። እናቷ የለመነቻት አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ቀን መርፌሽን ቤት ትተሽ ፀበሉን ተጠመቂ፣ ከዚያ ወዲያ አልናገርሽም። ፀደይም ኢንሱሊን የሚሰጠኝ ፓምፕ ክንዴ ላይ እስካለ መርፌው ምን ይሠራልኛል ብላ፣ መርፌውንም የኢንሱሊን ብልቃጡንም ላሊበላ ትታ መጣች።

የሁለቱ ጠብ የቆየ ነው። መንገድ በተዘጋበት ዓመት ፀደይ ኢንሱሊን አልቆባት ሁለት ቀን አስታውካለች፤ ተኝታ እንደ ሯጭ ተንፍሳለች። እናቷ ያን ጊዜ ያተረፈሽ ያጠጣሁሽ ፀበል ነው ትላለች። ፀደይ ደግሞ ያተረፋት አንድ ጎረቤት ከጋሸና በእግሩ ያመጣው ብልቃጥ እንደሆነ ታውቃለች። በዚህ ነገር ተስማምተው አያውቁም።

ፓምፑም ቢሆን ጠላትም ወዳጅም ነው። የምትልክላት፣ ፀደይ በአስጎብኚነት ሥራዋ አንድ ጊዜ ያስጎበኘቻት፣ እንደሷው ስኳር ያለባት የውጭ አገር እንግዳ ናት። አንዱ የሚሠራው ለሦስት ቀን ነው። ከአሥሩ ሁለቱ ገና ሲለጠፉ ይበላሻሉ፤ አንዱ ዳገት ስትወጣ በላብ ተላቅቆ ይወድቃል። ቱቦ የለውም፣ አያስርሽም ብለዋት ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ለጎብኚዎች ስታስረዳ ክንዷ ላይ ጮኾ አሳፍሯታል። ፓምፑን የምታዝበት መቆጣጠሪያም ባትሪ ይበላል፤ መብራት ከጠፋ ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። አሁን የለጠፈችው የመጨረሻው ነበር።

አሰለች እጇን ሰድዳ ከቀሚሱ በላይ ያዘችና ሳበችው። ፀደይ ገፈተረቻት። ማጣበቂያው ግማሹ ተነሥቷል። ወደ ቦታው መለሰችና በመዳፏ ደግፋ ያዘችው፤ ከሥሩ ቆዳዋን ወግቶ መድኃኒቱን የሚያስገባው ቀጭን ነገር ታጥፎ ይሁን አይሁን ማወቅ አልቻለችም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አፏ ደረቀ። ጣቷን ወጋ አድርጋ ስኳሯን ለካች፤ ሁለት መቶ ሰማንያ። ከቤት ስትወጣ መቶ ሠላሳ ነበር። ምግብ በአፏ አልዞረም። ፓምፑ ውስጥ ያለው ፈጣኑ ኢንሱሊን ብቻ ስለሆነ፣ ከቆመ ሰውነቷ ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። መኪናው ደግሞ ሁሉም ተጠምቆ ሳይጨርስ አይነሣም፤ ላሊበላ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ጥርጊያ መንገድ አለ።

መቆጣጠሪያውን አወጣች። ባትሪው ሦስት ከመቶ ይላል። ትንሽ መጠን አዘዘች። ማያው ጠፋ። ወዲያው ክንዷ ላይ ያለው ነገር ጮኸ፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት።

ሰልፉ ተበተነ።

«ጮኸባት! ያዟት!» አለች አሰለች። ሁለት ሴቶች እጆቿን ጠምዝዘው ያዙ። አጥማቂው አባ ቢተው መስቀላቸውን ይዘው በእርጥቡ ድንጋይ ላይ እየተንሸራተቱ ደረሱ።

«ማነህ አንተ? ተናገር!»

ፓምፑ ጮኸ።

«አባ፣ ማሽን ነው! መድኃኒቱ የሚወጣበት ተዘግቶ ነው እኮ!»

«ዝም በይ፤ አንቺን አልጠየቅሁም። ከየት ያዝካት? ተናገር!»

ውሃው ፊቷ ላይ ተደፋ። ትንፋሽ አጠራት። ልትስቅ ዳዳት፣ ከዚያ ልታለቅስ። ሁለቱንም ዋጠችና እናቷን ፈለገች።

«እማዬ፣ ንቀይው። ከጎኑ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ቀጭን ነገር ስታገቢበት ዝም ይላል።»

የሺሃረግ ቆማ ቀረች። ፀደይ በተወጋች ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞር ሴት ናት። እጇ ወደ ነጠላዋ ሄደ፤ ነጠላውን የያዘውን የመርፌ ቁልፍ ፈታች። ሴቶቹን በክርኗ ገፍታ ገባች። ፓምፑን ከልጇ ክንድ ላቀቀችው፤ ከሥሩ የታጠፈ፣ ፀጉር የሚያህል ነገር ከነጠብጣብ ደም ወጣ። አየችው። ፊቷን አላዞረችም።

መርፌውን ቀዳዳው ውስጥ ተጫነች። አንዴ ሳተች። ደገመችና ጩኸቱ ተቆረጠ።

የውሃው ድምፅ ብቻ ቀረ። ከዚያ እልልታው ጥዶቹን ሞላ። ይዘዋት የነበሩት ሴቶች ሳሟት።

በዚህ ቦታ ሰው ሲድን ቤተሰቡ ቆሞ ይመሰክራል። የተመሰከረለት ደግሞ ሰባት ቀን ሌላ መድኃኒት ሳይነካ እዚያው ይሰነብታል። ፀደይ ይህን ታውቃለች። እልል የሚሉትም ያውቃሉ።

«ወጣ?» አሉ አባ ቢተው፣ ወደ እናቷ ዞረው።

የሺሃረግ መዳፏ ላይ ያለውን ነገር ታያለች።

«መስክሪ እንጂ፣ ምን ይዞሽ ነው?» አለች አሰለች።

«እኔ ነኝ ያቆምሁት» አለች የሺሃረግ። «በመርፌ ነው ያቆምሁት፣ አባ። ከልጄ የወጣ የለም። መድኃኒቷ ቤት ነው የቀረ፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁባት። ይፍቱንና እንሂድ።»

እልልታው እየሳሳ ጠፋ። አባ ቢተው ፀደይን አዩ፣ እናቲቱን አዩ። በመጨረሻ መስቀሉን አንሥተው ግንባራቸውን አስነኳቸው።

«ሾፌሩን ጥሩት፤ ሌላው ይጠብቅ» አሉ።

በጥዶቹ መሃል ቁልቁል ወረዱ። እናት ከፊት ናት፤ ጫማዋን ረስታለች። ፀደይ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቋል፤ እግሯ እየከበደ መጥቷል። መንገድ የተዘጋ ጊዜ ያተረፈኝ ምንድን ነው ብላ ልትጠይቃት አሰበችና ተወችው።

«ስንት ሰዓት አለን?» አለች የሺሃረግ፣ ሳትዞር።

«መንገዱ ካልያዘን ይበቃናል።»

«ከያዘንስ?»

ከታች የመኪናው ሞተር አንዴ አጉረመረመና ጠፋ። ሁለቱም ቆሙ። የመርፌ ቁልፉ አፉን እንደከፈተ በእናቷ ጣቶች መሃል ነበር።

ሾፌሩ እንደገና ሞከረ።