የድሮው ፔዳል

ማናህሎሽ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ የአሮጌውን ፒክአፕ መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፤ የራዲያተሩን ውሃ አየች፤ ከሀይ ጀላባ ሰፈሩ ጅምላ ሻጭ አርባ ካርቶን የታሸገ ውሃ ጭና ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሸሪካት ሰፈር መንገድ ጀመረች። ባሏ እንድሪያስ ከሞተ ወዲህ፣ አሥራ አንድ ወር ሙሉ፣ ጠዋቱ ይኸው ነው።

ድልድዩ አፍ ላይ ከፊቷ የነበረው የጭነት መኪና ድንገት ቆመ። ከመቀመጫዋ ተነስታ በሁለት እግሯ ፍሬኑ ላይ ቆመችበት። ፒክአፑ ክንድ የምታህል ቦታ ሲቀረው ቆመ። አልደነገጠችም፤ መደንገጥም ጉልበት ይፈልጋል።

ጭነቱን አራግፋ በቀጥታ ወደ መካኒኩ ከማሉዲን ጋራዥ ገባች።

«ነግሬዎት ነበር፣ እትዬ» አለ ከማሉዲን፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ይሄ ፍሬን የጋሽ እንድሪያስን እግር ነው የለመደው። እርስዎ ከአንድ ካርቶን ውሃ አይበልጡም።»

«ካርቶኑ ይበልጠኛል?»

«ወላሂ ይበልጣል! አይበሉም እንዴ?»

ግቢው ጥግ ላይ የተገለበጠ ፒክአፕ ነበር። ሰርቮውን ከዚያ ፈትቶ እንደሚገጥምላት ነገራት፤ ሰርቮ የእግርን ጉልበት የሚያግዝ ዕቃ ነው፣ ፍሬኑ በጣት ጫፍ ሲነኩት ይይዛል። «ፔዳሉም አብሮ ይቀየራል። የድሮው ለሰርቮ አይሆንም።»

ማናህሎሽ ወደ ፔዳሉ ጎንበስ አለች። እንድሪያስ እግሩን አጣሞ ነበር የሚረግጠው፤ የፔዳሉ ጎማ በቀኝ ጠርዙ አልቆ ብረቱ ይታያል።

የጋራዡን ደንብ ታውቃለች፤ የወለቀ ዕቃ ባለቤቱ አስቀድሞ ካልጠየቀ የጋራዡ ነው። ፔዳሉን ስጠኝ ልትል አፏን ከፈተች። ምን ያደርግልዎታል ቢላትስ? መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«ምን አሉኝ?» አለ ከማሉዲን።

«መቼ ይደርሳል?» አለች።

በሦስተኛው ቀን መኪናዋን ልትሞክር መጣች። እንደ ልማዷ ባላት ኃይል ረገጠችው፤ መኪናው ባለበት ቀጥ ሲል ግንባሯ መሪውን ሊመታ ነበር።

«ቀስ!» ሳቀ ከማሉዲን። «ኸላስ፣ ትግሉ አልቋል!»

ሞተሩን አጠፋች። «የድሮው ፔዳል የት አለ?»

«ትናንት ብረት ገዢው ከሌላው ጋር ጫነው፤ አሁን ወደ ካምፓላ መንገድ ላይ ነው። ምነው፣ ይፈልጉት ነበር? በነገሩኝ!»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

በማግስቱ አርባ ካርቶን ጭና ድልድዩን ተሻገረች። ፍሬኑ እሺ ብሎ ያዘላት። የአዲሱ ፔዳል ጎማ ዙሪያውን እኩል ነው። እንድሪያስ ይረግጠው የነበረው ጠርዝ የለም።