የአሥራ ሁለተኛው ጅራት አቅጣጫ

ደንቡን ያወጡት ጋሼ ናቸው። የአንድን ፑልሳር ጅራት ሁለት ሰው ለየብቻ ይለካል፤ ቁጥሩን ጽፎ ፖስታ ውስጥ ያሽጋል፤ ዓርብ ጠዋት አለቃችን ባለችበት ሁለቱም ይከፈታሉ። «ተያይተው የለኩ ሁለት ሰዎች አይደሉም፣ አንድ ሰው ናቸው» ይሉ ነበር።

ፑልሳር ከፈነዳ ኮከብ የተረፈ፣ እየተሽከረከረ የሚኖር እምብርት ነው። አንዳንዱን ፍንዳታው አስፈንጥሮት በሰከንድ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይሮጣል። የሚተፋቸው ቅንጣቶች፣ መኪና ጥሎት እንደሚያልፍ አቧራ፣ ከኋላው በኤክስሬይ የሚታይ ጅራት ይሆናሉ። የጅራቱን አቅጣጫ ያወቀ ኮከቡ የፈነዳበትን ቦታ ወደ ኋላ ሄዶ ይፈልጋል። ብዙዎች ፍለጋቸውን የሚጀምሩት በእኛ ቁጥር ነው።

በአምስት ዓመት አሥራ አንድ ለካን። ልዩነታችን ከሁለት ዲግሪ በልጦ አያውቅም። የጋሼ ተማሪ ስለነበርኩ፣ ይህን ለእናቴ ሳይቀር አውርቼላታለሁ።

አሥራ ሁለተኛው ላይ ተሳሳትኩ። ጅራቱ ጫፍ ላይ፣ ከእሱ ጋር ምንም የማያገናኛት አንዲት ደብዛዛ ኮከብ ነበረች። እንዲህ ያለችው ከምስሉ ሳትነሳ ጅራቱ አይለካም። ረሳሁ። 217 ዲግሪ ብዬ አሸግኩት፤ ጋሼም ፖስታውን እንደወትሮው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። ሐሙስ ምስሉን ስከፍት ኮከቧ እዚያው ናት። አንስቼ ስለካ 204 መጣ። የታሸገ አይነካምና፣ ሲከፈት ስህተቴን ልናገር ወሰንኩ።

ዓርብ አለቃችን ፖስታዎቹን ቀደደች።

«217። የጋሼ ደግሞ... 217 ከግማሽ። ኧረ እናንተ ሰዎች፣ በአንድ ዓይን ነው እንዴ የምታዩት?»

ጋሼ ሳቁ።

«ጋሼ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ኮከብ አንስተዋታል?» አልኩ።

«እንዴታ! አንቺን ማን አስተማረና?»

«እኔ አላነሳኋትም። ረስቼ ነው። ስትነሳ 204 ነው የሚመጣው።»

አለቃችን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አደረገች። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት፤ መልሰው ግን አላጠለቁትም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

«ከአራተኛው። ዓይኔ ከድቶኛል፣ ልጄ። ጅራቱ ለእኔ ጭጋግ ነው። ፖስታሽን በሻይ ማፍያው እንፋሎት እያላቀቅኩ...»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መምህርሽ ታወረ ልበልሽ? ያንቺ ዓይን አይስትም። እሱን ተማመንኩ።»

«እኔስ ማንን ነበር የተማመንኩት? አላበዛሁም፣ አላሳነስኩም ያልኩት እኮ የእርስዎን ቁጥር አይቼ ነው። ስምንቱን ጅራት ማን ለካልኝ፣ ጋሼ?»

አለቃችን ስምንቱ ውጤቶች እንዲሰረዙ ለመጻፍ ወረቀት ሳበች። ጋሼ የመሳቢያውን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥተው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። አላነሳሁትም።

ክፍሌ ገብቼ የአራተኛውን ምስል ከፈትኩ። ከጅራቱ በፊት ጫፉን ነበር ያየሁት፤ ያላነሳኋት ኮከብ ትኖር እንደሆነ።