ትናንት እንደሱ አላልሽም

እናትየው የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። የሰፈሩ ልጆች ግማሹ ፊደል የቆጠሩት በእሷ እጅ ነው። ወላጆች «የኔ ልጅ መቼ ነው የሚያነበው?» ብለው ሲያዋክቧት፣ «አትቸኩሉ፤ ልጁ ራሱ ይነግራችኋል» ትላቸው ነበር። «መጽሐፍ ሳይዘቀዝቅ ሲይዝ፣ ጣቱን ከግራ ወደ ቀኝ ሲነዳ፣ ‹ይሄ ምን ይላል?› እያለ መውጫ መግቢያ ሲያሳጣችሁ፣ ያኔ ደርሷል።»

አንድ ቀን ሰሌዳው ፊት ለፊት እንደቆመች ጠመኔው ከእጇ አመለጠና ተዝለፍልፋ ወደቀች። ስትሮክ ነው ተባለ። እግሯም አንደበቷም ቀስ በቀስ ተመለሱ። ንባቧ ግን እንደሄደ ቀረ።

«ዓይንሽ ደህና ነው» አላት ሐኪሙ። «ፊደሉን ታይዋለሽ። የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚነግርሽ የአንጎልሽ ክፍል ነው የተጎዳው። እስቲ ስምሽን ጻፊ።»

ጻፈች። እጇ ትንሽም አላመነታም።

«አሁን አንብቢው።»

የገዛ ስሟን ትክ ብላ አየችው። ምንም አላላትም።

ሐኪሙ የፊደሉን ቅርጽ በጣቷ እየተከተለች እንድትለማመድ መከራት። «እጅሽ ሊያስታውስሽ ይችላል» አለ። «ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።»

ሥራዋን ለቃ ቤት ዋለች። ባሏ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ቀኑን የምታሳልፈው ከአንድ ልጇ ጋር ነበር። አባትየው የልጅቱን ጉንጭ አይቶ ያላወጣላት ስም የለም፤ የጸናው «ድንቡሼ» የሚለው ነው። አራት ዓመቷን እንደደፈነች ያ ሁሉ ምልክት ተከታትሎ መጣ።

አንድ ቀን ድንቡሼ መንገድ ላይ ድንገት ቆመች። «እማዬ! የኔ ‹ድ› እዚያ ላይ አለች!» አባቷ ነው ያስጠናት።

እናትየው ቀና አለች። ሰማያዊ ታፔላ ላይ ነጫጭ ነገር ተደርድሯል። መድኃኒት ቤት መሆኑን ያወቀችው በበሩ ነው። «መድኃኒት» የሚለውን ቃል በሆዷ ፊደል በፊደል ቆጥራ፣ ‹ድ› እንዳለበት ስታረጋግጥ፣ «ጎበዝ የኔ ልጅ!» አለች።

«ያኛውስ ምን ይላል?» ድንቡሼ አጠገቡ ወደተከፈተ አዲስ ሱቅ ጠቆመች።

«ነይ እንሂድ፣ ፀሐዩ ከረረ።»

ቤት ውስጥ ግን ፀሐይ ማመካኛ አይሆንም። ጫማው ስለጠፋበት ዝንጀሮ የሚያወራ ሥዕላዊ መጽሐፍ ነበራቸው። እናትየው ሥዕሉን እያየች ከራሷ እየፈጠረች ታወራላት ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንቡሼ ገጹን በመዳፏ ከደነችው።

«ትናንት እንደሱ አላልሽም።»

«ምን ነበር ያልኩት?»

«ትናንት ዝንጀሮው አለቀሰ። ዛሬ ሳቀ አልሽ። ጽሑፉ አልተቀየረም እኮ!»

እናትየው ከምልክቶቹ ሁሉ አብልጣ የምትወደው ይሄኛውን ነበር። ጽሑፍ ዛሬም ነገም ያንኑ እንደሚል የገባው ልጅ፣ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው የለም። በሌሎች ልጆች ላይ ስታየው ታጨበጭብ ነበር። አሁን ግን አላጨበጨበችም።

«እማዬ፣ ፊደል አታውቂም እንዴ?»

«አውቅ ነበር። ሲያመኝ ጠፋብኝ።»

«የት?»

ድንቡሼ ትንሽ ጠብቃ መጽሐፉን አጠፈችና ወደ አሻንጉሊቷ ሄደች።

ያን ዕለት ለባሏ ስልክ ደወለች። «ልጅቷ ለንባብ ደርሳለች፤ እኔ ደግሞ በሯ ላይ ተገትሬ መንገድ ዘግቼባታለሁ» አለችው።

«ቅዳሜ ስመጣ አስነብባታለሁ፣ አይዞሽ።»

መጣም። ግን የመንገድ ድካም የማይጥለው የለም፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ አፉን ከፍቶ አንኮራፋ። ድንቡሼ ጺሙን ብትጎትተውም አልነቃም። ሰኞ ዕለት እናትየው መዋዕለ ሕፃናቱ ድረስ የቀድሞ ባልደረባዋ ጋ ሄዳ፣ «እባክሽ ልጄን ተቀበይኝ» አለቻት። ሰሌዳው ወዳለበት ክፍል ግን አልገባችም። በር ላይ አስረክባ ተመለሰች።

ልጅቱ እንደ እሳት ተያያዘችው። ብዙም ሳትቆይ መጽሐፏን ታቅፋ ቤት ገባችና እናቷ ጭን ላይ ወጣች።

«ላንብብልሽ። ‹ልጅቷ...›» ጣቷ ሄደና ቆመ። «ይቺ ማናት?»

«እስቲ።» እናትየው ጣቷን ፊደሉ ላይ አኖረች። ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ታች። «‹በ› ትመስላለች...»

«‹በ›ንማ አውቃታለሁ! እግሯ ሥር ሌላ ነገር አላት።»

እንደገና ከላይ ጀመረች። ግንባሯ ላብ አወጣ። እጇ የሆነ ነገር ሊነግራት ጫፍ የደረሰ መሰላት።

«እማዬ፣ ቶሎ በያ!»

«ቆይ የኔ እናት፣ አንዴ ብቻ...»

መጽሐፉ ከጣቷ ሥር ተመዥርጦ ወጣ። ድንቡሼ ከጭኗ ወርዳ በኮሪደሩ ሮጠች፣ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው። እናቷ ሆስፒታል በተኛችበት ጊዜ ልጅቱን የያዙት እሳቸው ናቸው። የስፌት መኪናው ጩኸት ተቋረጠ።

«እትዬ፣ ይቺ ማናት?»

«መነጽሬን... ‹ቧ› ናት፣ ልጄ።»

«‹ልጅቷ ቧ-ን-ቧ-ውን ከፈተች!›»

«እሰይ! እልል!»

እናትየው ኮሪደሩ ላይ ደረሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። የጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን ከግራ ወደ ቀኝ እየነዳች፣ ልጇ ሌላውን መስመር ቀጥላለች። ጎረቤትየዋ ቀና ብለው እናትየዋን አዩዋት፤ ደስታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ።

«ግቢ እንጂ፣ ምን ቆምሽ?» አሏት ዝግ ብለው።

ገባችና መሬቱ ላይ፣ ከቁርጥራጩ ጨርቅ መሀል ተቀመጠች። ድንቡሼ ዞር ብላ አላየቻትም። ስትደናቀፍ መጽሐፉን ወደ ጎረቤትየዋ ታዞራለች፤ እሳቸው ይነግሯታል፤ ትቀጥላለች። እናትየው አዳመጠች። ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።