ግማሹ ሲያልቅ እንመለሳለን

ካርታው የተዘረጋው በልብስ ሰፊዋ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ከዚህ ጉዞ የእሷ የሆነ ነገር ቢኖር ጠረጴዛው ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ የወንድሟ ሚስት ነው። በረሃው ውስጥ ወዳለው ትልቅ ሸለቆ፣ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ እንሂድ ያለችው እሷ፣ ካርታውን የገዛችው እሷ፣ የእግር መንገዱን በቀይ እርሳስ ያሰመረችው እሷ። ከተጋቡ እኮ ገና ስምንት ወራቸው ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጉዞ ማለት ልብስ ሰፊዋና ታናሽ ወንድሟ ነበሩ። በየዓመቱ አንድ ተራራ ይመርጣሉ፤ ሲጨቃጨቁ ወጥተው ሲሳሳቁ ይወርዳሉ። ቦርሳውን የምትሰፋው እሷ፣ «በቃ፣ እንመለስ» የምትለውም እሷ። አሁን ወንድምየው ክርኑን ከሚስቱ ክርን አስጠግቶ እሷ ያለችውን ሁሉ «ልክ ነው» ይላል። ልብስ ሰፊዋ በቅናት አረረች። ቅናት መሆኑንም አሳምራ ታውቀዋለች።

«እታለም፣ ድንኳኑን እዚህ ጋ ብንተክል ምን ይመስልሻል?» አለች ሚስትየው።

እታለም! በዚህ ስም ከወንድሟ በቀር የጠራት ሰው የለም። ወንድሜን ወሰደች፣ እሺ ትውሰድ፤ እሱ የሚጠራኝን ስም ምን አስነካት?

ሚስትየው ፋርማሲስት ናት፤ ሳትለካ የምታደርገው ነገር የለም። ወረቀቷ ላይ «ከያዝነው ውሃ ሲሶው ሲያልቅ እንመለሳለን» ብላ ጽፋለች።

«ሲሶ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኛ የምንመለሰው ግማሹ ሲያልቅ ነው። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፤ ማን በውሃ ጥም ሞተ?» የልብስ ጠመኔዋን አንስታ «ሲሶ» የሚለውን ሰረዘችና «ግማሽ» ብላ ጻፈችበት።

«ለተራራ ልክ ነሽ፤ ሸለቆ ግን…»

«አንቺ ስንት ተራራ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንድም።»

ወንድምየው አንዴ እህቱን አንዴ ሚስቱን አየና ማጅራቱን አከከ። «እታለም ካለች ግማሽ ይሁን» አለ። ሚስቱ ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘች። የልብስ ሰፊዋ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስት ሱሪ እያንጎራጎረች አሳጠረች።

በማግስቱ የድንኳን ቦታ ለመያዝ ወደ ፓርኩ ደወለች፤ ይህንንማ ለዚያች አትተውላትም። ያነሳው አንድ አረጋዊ ጠባቂ ነበር። ስንት እንደሆኑ፣ እስከ የት እንደሚወርዱ፣ መቼ እንደሚመለሱ ጠየቃት። የውሃውን ነገር ኮራ ብላ ነገረችው።

«ተራራ የለመዳችሁ ናችሁ መሰለኝ፣ እመቤቴ» አላት።

«በምን አወቁ?»

«እንዲህ የሚሉት እነሱ ናቸዋ። ተራራ ድካሙ መጀመሪያ ነው፤ ሲመለሱ ቁልቁለት። እዚህ ግን ሰው እየዘፈነ ይወርድና ዳገቱ በቀትር ይጠብቀዋል። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ግማሽ ውሃ ከዚህ አያወጣችሁም። አምና በቃሬዛ ያወጣናቸው ሁለቱም ተራራ ወጪዎች ነበሩ።»

ስልኩን ዘጋች። ስትሰፋው የነበረው ሱሪ እግር መርፌው ሥር እንደተያዘ ቀረ። ደነገጠች ብንል ውሸት ነው፤ መጀመሪያ የመጣላት «ልክ ነበረች ማለት ነው» የሚለው ነበር፣ እሱም እንደ እሬት መረራት። ዝም ብዬ የራሴን ውሃ ብጨምርስ? አመመኝ ብዬ ጉዞውን ባስቀረውስ? ይህን ሁለተኛውን ወደደችው። ያችን ልጅ ልክ ነሽ ከማለት ጉዞው ገደል ቢገባ ይሻላት ነበር። ኋላ ግን ሙቀት የማይችለው ወንድሟ ቃሬዛ ላይ ተኝቶ ታያትና በራሷ አፈረች።

አመሻሽ ላይ ወንድሟ የተሰፋለትን ቦርሳ ሊወስድ መጣ። ፊቷን ሳታዞር ነገረችው። «ሚስትህ ልክ ናት። ሲሶው ነው።»

ይገረማል ብላ ነበር፤ እሱ ግን አፈረ።

«አውቃለሁ» አለ። «የፓርኩን ጽሑፍ አሳይታኛለች። እንዳይከፋሽ ብለን ነው ዝም ያልነው። ትርፍ ውሃ ቦርሳዬ ውስጥ ፎጣ ሥር ልንደብቅ፣ ሲሶው ሲያልቅ እኔ ደከመኝ ልልና ልንመለስ ተስማምተን ነበር።»

ይህን ብልሃት ታውቀዋለች። እናታቸው አርጅታ ግትር ስትል ሁለቱ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ «እሺ እማዬ» ይሏትና ከጀርባዋ የራሳቸውን ያደርጋሉ፣ ኩሽና ገብተው አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። አሁን ታዲያ እሺ የምትባለዋ እሷ ሆነች፤ ወንድሟም ኩሽና ገብቶ የሚስቀው ከሌላ ጋር ነው።

«ሳቃችሁብኝ?»

«ትንሽ» አለ፤ ለእሷ መዋሸት አይሆንለትም።

ውጭ ስትጠብቀው የቆየችው ሚስትየው ስትገባ ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። «ውሃውን አንቺ ያዢ። ተመለሱ ስትይ እንመለሳለን። ከእንግዲህ ግን ከጀርባዬ አትማከሩ፤ ፊት ለፊት ንገሩኝና ልቆጣ።»

«እሺ፣ እታለም» አለ ወንድሟ። ይህን ያለው ግን መጀመሪያ ሚስቱን አይቶ፣ እሷም ራሷን ከነቀነቀችለት በኋላ ነው።